በየኔታ ቴግ እጅ

ድሮምካራ፣ ክሌር አውራጃ
ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1831

ለወንድሜ ለማላኪ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከሳል በቀር ደህና ነን። ሳሉንም ቢሆን ተካፍለነዋል፤ ጧት እናታችን ትስላለች፣ ከሰዓት በኋላ ባሌ ሎክሊን ይረከባታል።

ዘገየሽ ብለህ ተቆጥተሃል። እውነትህን ነው፣ ይቅር በለኝ። ከገና ወዲህ ሁለት ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ሁለቱንም ለእናታችን ወረቀቱ እስኪልም ድረስ አንብቤላታለሁ። ያ ጥቁር አረንጓዴ የፖሊስ ልብስህ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም፤ ለጎረቤት ግን ሌላ ሰው ናት። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዷ፣ «ልጅሽ ፒለሩ እንዴት ነው? ዘንድሮ ስንት ድሃ አሰረ?» ብትላት፣ «የእኔ ልጅ ቢያንስ ጫማ አለው። ያንቺው ከእሱ ሲሸሽ እግሩን እሾህ ጨረሰው» ብላ አፏን አስያዘቻት። ቤት ስትገባ ግን አለቀሰች። ይህን አልነግርህም ብዬ ነበር።

አገሩ ሰላም ነው ወይ ላልከኝ፣ አገሩ ርቦታል። ምስለኔው ፔንሮዝ ዘንድሮ ለድንች የሚሆን መሬት ለማንም አላከራይም ብሏል። ረጅሙን መስክ፣ አባታችን ድንች ይተክልበት የነበረውን፣ በሬ አግብቶበታል። ሎክሊን ከስድስት አባወራዎች ጋር ሄዶ ለመነው። ቆባቸውን አስወልቆ ዝናብ ላይ አቆማቸው። ኋላ በመስኮት ብቅ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በሬ አይወልድም፣ በሬ አያማርርም፣ በሬ ደጄ ድረስ መጥቶ አያለቅስም። ከእናንተ በሬ ይሻለኛል።»

ስለ ሎክሊን ሌላ የጠየቅኸኝን በተመለከተ የሚጻፍ ነገር የለም። ደህና ነው።

የኔታ ቴግ በእጅጉ ሰላም ብሎሃል። ጣራው ሲያፈስ ልጆቹን ወደ ደረቁ ጥግ እያዞረ ያስተምራል። «ያ ማላኪ የአሳማ ጅራቱን ረሳው እንዴ?» ይላል። የፊደሉን ጫፍ እንደ አሳማ ጅራት ጠምዝዙት እያለ ጣታችንን ይቆጋው የነበረውን ታስታውሳለህ? ለሰው «ሴት ልጅ አላስተምርም» እያለ ይምላል፤ እኔን ግን አንተን ለማድረስ ስመጣ በሩ ሥር ያስቀምጠኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ እጠመዝዘዋለሁ።

እህትህ ሳቢና


ካርሎ፣ የፖሊስ ጣቢያ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1831

ለእታለም ሳቢና፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማ እየወለወልኩ ነበር፤ በጥቁር ቀለም እጄ ስለከፈትኩት ዳር ዳሩ ተበላሽቷል። እናታችንን ስሚልኝ። ስለ ለቅሶዋ ባትነግሪኝ ይሻል ነበር፤ ቢሆንም ነገርሽኝ።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ አድርጌያለሁና ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽን ለአለቃችን አሳየሁት። ኮርቼ ነው። «እህቴ ናት የጻፈችው» ስለው አላመነኝም፤ «ይኼማ የቄስ እጅ ነው» አለ። ከዚያ ባልደረቦቼን ሰብስቦ፣ «እናንተ ደደቦች! የገበሬ ሚስት እንዲህ ትጽፋለች፣ እናንተ ስማችሁን ስትፈርሙ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው» አላቸው። ያን ቀን እንደ ሰው ተቆጠርኩ፣ እታለም። እዚህ እኮ «ያ የክሌር ልጅ» ነው የምባለው።

በብጣሽ ወረቀት ለብቻው፣ ድሃ ከቤቱ ሲባረር ቆመህ ታውቃለህ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ አዎ ነው። አንድ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ሰውዬው የሞተች ሚስቱን ወንበር ተሸክሞ ወጣ፤ ሌላ ነገር ለመያዝ አልተመለሰም። እኔ በሩን አልሰበርኩም፤ ሌሎች ሲሰብሩ ግን መንገዱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ልዩነት አለው ትያለሽ? ለእናታችን እንዳታነቢላት።

አሁን እንደ ታናሽ ወንድም ልለምንሽ። እዚህ ወሬው ሁሉ ስለ ክሌር ነው። «እመቤት ክሌር» የሚል ስም እየፈረመ ማስጠንቀቂያ የሚለጥፍ ሰው አለ ይባላል፤ ሌሎቹ ደግሞ በእሱ ቃል ይነሣሉ። አለቃዬ እኔን ይጠይቀኛል። አላውቅም እላለሁ፤ ደግሞም አላውቅም። ሎክሊን ከነሱ ጋር ካለ ይውጣ። እኔ የምጠይቅሽ ለራሴ ነው እንጂ ለአለቃዬ አይደለም።

ወንድምሽ ማላኪ


ድሮምካራ
ማርች 28 ቀን 1831

ለወንድሜ ለማላኪ፣

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልበል፤ ወፍራለች ብለህ እንዳትስቅ፣ በኦገስት አጎት ትሆናለህ። እናታችን ወንድ ነው ብላለች። የኔታ ቴግ ደግሞ «ሴት ትሁን፤ በሩ ሥር ቦታው ባዶ ነው» አለኝ።

ምን ሆነ ብለህ ሦስት ጊዜ ጠይቀሃል። ከሰው የሰማሁትን እነግርሃለሁ፤ እኔ በቦታው አልነበርኩም።

ባለፈው ማክሰኞ ጧት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አራት መቶ ሰው አካፋና መቆፈሪያ ተሸክሞ ረጅሙ መስክ ላይ ተሰለፈ አሉ። ፊቱን የሸፈነ የለም። አንድ ሰው ዋሽንት እየነፋ ከፊት ይሄዳል። በሬዎቹን ቀስ ብለው፣ አንዱን እንኳ ሳይመቱ፣ ወደ ፔንሮዝ ግቢ ነዷቸው። ከዚያ ቆፈሩ። ሴቶቹ እርጎ ያቀርባሉ፣ ሽማግሌዎቹ «አጥልቀው፣ አጥልቀው! ሣር ድጋሚ እንዳይበቅል!» ይላሉ። ከቀትር በፊት ያ ሁሉ አረንጓዴ ጥቁር ሆነ። የተገለበጠ መሬት ለበሬ አይሆንም፤ ለድንች እንጂ። የአፈሩ ሽታ እንዴት ያለ መሰለህ! ሰዎች እየጨበጡ ያሸቱት ነበር። ፔንሮዝ ከሰገነቱ ላይ ሲያይ ፊቱ እንደ አይብ ነጣ። እኔ አልነበርኩም ብያለሁ።

የፔንሮዝ ቤት በር ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ተገኘ። «ሣሩ ተገልብጧል። አንተም እንዳትገለበጥ መሬቱን ለድሃ አከራይ። እመቤት ክሌር።» ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። የሎክሊን እጅ ውሃ ቋጥሯል፤ ቦይ ሲቆፍር ነው።

ማን ነው የሚጽፈው ላልከኝ፣ እኔ በምን አውቄ? በዚህ ደብር ብዕር የሚይዝ ሰው ቢቆጠር ሦስት ነው፦ አባ ኩዊርክ፣ የኔታ ቴግ፣ የምስለኔው ጸሐፊ። አባ ኩዊርክ ከመንበሩ ላይ ይረግሟቸዋል፤ ጸሐፊው የጌታውን እንጀራ ይበላል፤ የኔታ ደግሞ ዝንብ የሚፈራ ሰው ነው። እንግዲህ ከሰማይ ወረደ በላቸው።

እህትህ ሳቢና


ካርሎ
ኤፕሪል 14 ቀን 1831

እታለም፣

ስለ ሕፃኑ ደስ ብሎኛል። ሌላ ጊዜ ብዙ እጽፋለሁ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ፤ ለምን አትበይኝ። ለጊዜው ደብዳቤ አትጻፊልኝ። ለማንም አትጻፊ፤ የክርስትና ጥሪም ቢሆን፣ የበግ ምልክትም ቢሆን። ቤት ውስጥ ቀለም ካለ ድፊው። ሰው ሲጠይቅሽ ማንበብ እንጂ መጻፍ አልችልም በይ።

ታሟል ወይ ብላ እናታችን ብትጠይቅ ደህና ነው በያት።

ማላኪ


ድሮምካራ
ሜይ 9 ቀን 1831

ለወንድሜ ለማላኪ፣

አትጻፊ ብለኸኛል፤ እየጻፍኩ ነው። ከአንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

የኔታ ቴግን ወሰዱት።

ሐሙስ ጧት ልጆቹን እያስጻፈ ሳለ ስድስት ፖሊሶች መጡ። እኔ እንቁላል ላደርስለት ሄጄ ደጅ ቆሜ ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። «የጀመርነው ዐረፍተ ነገር ይለቅ» አላቸው። ፈቀዱለት። ልጆቹ እያለቀሱ ጨረሱት። ከዚያ ሳጅኑ ያን ማስጠንቀቂያ ከኪሱ አውጥቶ ፊቱ ላይ ዘረጋው።

«ይኼ ያንተ እጅ ነው?»

የኔታ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረው። ቀና ብሎ በሳጅኑ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። እንደገና ወረቀቱን አየ።

«የእኔ ነው» አለ። «መጨረሻው ላይ ትንሽ ተቻኩሏል እንጂ ጥሩ ጽሑፍ ነው።»

ኮቱን እንኳ አላለበሱትም። እያሳለ ሄደ።

ማላኪዬ፣ የኔታ አልጻፈውም። እንዴት እንደማውቅ አትጠይቀኝ፤ ወረቀት ላይ የማይሰፍር ነገር ነው። ሳጅኑ ለሰው እንደተናገረው፣ በሩቅ ያለ አንድ ሰው «ይህን እጅ አውቀዋለሁ» ብሎ ምሎ ፈርሟል። አገሩ ሁሉ ማን ይሆን እያለ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ከእግሩ እስከ ራሱ ያየዋል። የምስለኔውን ጸሐፊ ትናንት ገበያ ላይ ድንጋይ ወረወሩበት።

አንተ ከነሱ ጋር ነህ። መዝገቡ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያየው ታውቃለህ። የዚያን ሰው ስም ፈልግልኝ። ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።

እናታችን በየቀኑ ጧት ወደ ጠበሉ ትወርዳለች። ለበረከት ሳይሆን ለእርግማን፣ ከፀሐይ በተቃራኒ ትዞረዋለች። ሰባት ጊዜ። «ያንን ሽማግሌ የሸጠውን ሰው እናቱ ምነው ባልወለደችው፤ የሚቀብረው ይጣ!» ትላለች። ጉልበቷ ቆስሏል። ተይ ብላት እምቢ አለች።

ሳቢና


ካርሎ
ሜይ 20 ቀን 1831

እታለም፣

ለእናታችን ጠበሉን እንድትተው ንገሪያት። እኔ ነኝ።

አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አሁን እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ኤፕሪል አሥራ ሁለት ቀን አለቃዬ ጠራኝ። ማስጠንቀቂያው ከክሌር ተልኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገና ከበሩ አወቅኩት። የእናቴን ድምፅ እንደማውቀው ነው ያወቅኩት፤ የማን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። አለቃዬ ሰነፍ ሰው አይደለም። «ማላኪ፣ ይኼ ነገር ያን ጊዜ ያሳየኸኝን አይመስልም? የእህትህን?» አለኝ።

እንዴት ብዬ ልንገርሽ! ልብ በይ፣ ደብዳቤሽን በኩራት ያሳየሁት እኔው ነኝ። ያኔ ባላሳየው ይህ ሰው ምንም አያውቅም ነበር። ሳቅሁ። እንደ ምንም ሳቅሁና፣ «ጌታዬ፣ በኛ ደብር ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው። መምህራችን አንድ ነው። ይኼኛው ግን የራሱ የመምህሩ እጅ ነው፤ ቴግ ይባላል» አልኩት። አንቺም በማርች ደብዳቤሽ ሦስት ሰው ቆጥረሽልኝ ነበር። ከሦስቱ ሌላ ማንን ልበል?

እዚያው አስማለኝ። ፈረምኩ።

የኔታ ሽማግሌ ነው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አንቺ ሎክሊን አለሽ፣ በሆድሽም ያለው አለ። እንዲህ ብዬ መዘንኩ። የመዘንኩት አንድ ሰው አንድ ሳንቲም ከመሬት ለማንሣት በሚፈጅበት ጊዜ ነው። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

ዝም በይ። እሱም የእኔ ነው ያለው ላንቺ ብሎ ነው፤ የሽማግሌውን ነገር ከንቱ አታድርጊበት።

ይቅር በይኝ አልልም። እናታችንን ግን ከጠበሉ አስቀሪያት።

ማላኪ


ድሮምካራ
ጁን 20 ቀን 1831

ማላኪ፣

አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር ላልከኝ። እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ።

ደብዳቤህን ለሎክሊን አነበብኩለት። ራሱን ይዞ ይቆጣል፣ የኔታ ወደታሰረበት ወደ ኤኒስ ሮጦ እውነቱን ይናገራል ብዬ ነበር። የማስጠንቀቂያው ቃል የሱና የጓደኞቹ ነው፤ ከኔ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ «እንዳትገለበጥ በይው» እያለ እየሳቁ ያጻፉኝ እነሱ ናቸው። እጁ ብቻ ነው የኔ። ሎክሊን ግን ድንቹን እየላጠ፣ «ዝም በይ» አለኝ። «ሁላችንንም ታስይዢያለሽ። የኔታ ልጅ የለውም።» ልክ ያንተን ቃል። ሳትገናኙ አንድ አፍ ሆናችሁ።

እኔም ራሴን አልለቅም። ሦስት ሰው ቆጥሬ አራተኛዋን የተውኩት እኔ ነኝ። ራሴን ሳወጣ በሩን በየኔታ ላይ ከፍቼ መሄዴን አላየሁም።

ጁን አሥራ አራት ቀን ኤኒስ ችሎት ሄድኩ። በእግሬ። እናታችን ከኋላዬ መጣች፤ ምን ልታደርጊ ነው ብላ አልጠየቀችኝም። የኔታ ቀጥኗል። ልብሱን እንደ ሌላ ሰው ልብስ ነው የለበሰው። ያንተ የመሐላ ቃል ተነበበ፣ ማላኪ። ጮክ ተብሎ። «የድሮምካራ ተወላጅ፣ በሜይ መጀመሪያ ሳጅን የሆነው ማላኪ ሄሂር።» ሳጅን! አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት ባልከው ደብዳቤ ውስጥ ይህን ረሳኸው? ለእኔ ስትል ነው እያልኩ፣ ክፉም ቢሆን የወንድም ክፋት ነው እያልኩ ነበር የመጣሁት። እናታችን ስምህን ስትሰማ መሐረቧን ወደ ፊቷ አወረደች። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አያት።

ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ። አንዱ፣ «ተቀመጭ አንቺ፣ እዚሁ እንዳትወልጂ!» አለ። ዳኛው ግን አልሳቀም። ወረቀትና ብዕር አሰጠኝ። ሆዴን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ያን ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፍኩት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ወደ የኔታ ዞረ።

«ይህችን ሴት አስተምረሃል?»

«በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሴት ልጅ አስተምሬ አላውቅም፣ ጌታዬ» አለ የኔታ። «ይህን አገር ያውቃል። ወንድሟ ደብተሩን ቤት ይወስድ ነበር፤ ከዚያ ላይ እየቀዳች ለምዳው ይሆናል። ደግ ሴት ናት፤ ሽማግሌ አሳዘናት።»

«የኔታ!» ብዬ ጮህኩ።

«ተቀመጭ፣ ልጄ» አለኝ። «ዐረፍተ ነገሩ አልቋል።»

የከሳሾቹ ጠበቃ ሽማግሌውን ለማዳን እጁን መስላ መጻፍ ተለማምዳለች አለ። ዳኛው፣ «ማስጠንቀቂያው ከመለጠፉ በፊት ይህች ሴት የጻፈችው፣ የፖስታ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካለ ይቅረብ። የግዞት መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ከመጣ አየዋለሁ» አለ። ሰባት ዓመት ግዞት ፈረደበት። በስድሳ ስምንት ዓመቱ። ወደ ዓለም ጫፍ።

ከማርች በፊት የጻፍኩት ወረቀት በዓለም ላይ ያለው አንተ ዘንድ ብቻ ነው። የፌብሩዋሪው ደብዳቤ። ዳር ዳሩ የጫማ ቀለም የነካው። ላከው። ለእኔ አትላክ፤ ለዳኛው በቀጥታ ላከው። የሚመጣብኝን አውቃለሁ፣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። መዘንኩ ብለሃል፤ እኔን ሳትጠይቅ መዘንክ። አሁን እኔው ልመዘን።

እናታችን ከችሎት ስትመለስ አባ ኩዊርክን፣ «እርግማን ይመለሳል ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ምን እንዳሏት አላውቅም። በማግስቱ ጠበሉን ከፀሐይ ጋር ስትዞር አየኋት። ጉልበቷ ሳይድን።

ሳቢና


ካርሎ
ጁላይ 8 ቀን 1831

እታለም፣

ሳጅንነቱን ሳልለምን ነው የሰጡኝ። እምቢ ብል ለምን ይሉኝ ነበር። ይህን እንደማታምኝ አውቃለሁ።

የማርቹንና የሜዩን ደብዳቤ አቃጥያለሁ። የፌብሩዋሪውን አላቃጠልኩትም። ሁለት ጊዜ እሳቱ ዘንድ ወስጄ መለስኩት። ስለ ሳሉ መካፈል የጻፍሽውን ሳነብ የቤታችን ሽታ ይመጣብኛል። ሣጥኔ ውስጥ ነው።

አልልከውም።

አንድ ሳምንት ሙሉ አድራሻውን ጽፌ ይዤው ዞርኩ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄጃለሁ። ግን ከላክሁት አንቺ በግዞት መርከብ ትጫኛለሽ፤ ሕፃኑ መንገድ ላይ ይወለዳል። እንዲህ ያለ ሕፃን ስንቱ ከባሕር እንደሚቀር ከኛ ከፖሊሶቹ በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞ እውነቱን ልጨምርልሽ፤ ከላክሁት በሐሰት የማለ ፖሊስ እኔ ነኝ። ሁለቱ ፍርሃት ተቀላቅሎብኛል፤ የቱ እንደሚበልጥ ለራሴም አልለየልኝም።

ለገና ፈቃድ ይሰጡኛል። ልምጣ? ጉልበታችሁ ላይ ልውደቅ። እናታችን ምን ትላለች? መልሱን አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

ማላኪ


ድሮምካራ
ኖቬምበር 15 ቀን 1831

ማላኪ፣

ከጁላይ ጀምሮ አምስት ደብዳቤ ልከሃል። ሳልመልስ የቀረሁት አልደረሰኝም ብዬ አይደለም።

ያን ወረቀት ከእንግዲህ አትላከው። የኔታን የጫነው መርከብ በሴፕቴምበር መጨረሻ ከኮቭ ወደብ ተነሥቷል። አባ ኩዊርክ ከመሄዱ በፊት ሊያዩት ሄደው ነበር። እዚያ ለታሰሩት ሁሉ ለሚስቶቻቸው ደብዳቤ ሲጽፍ አገኙት፤ ተራ ይዘው ይጠብቁታል አሉ። ሳሉ ብሶበታል። አባ ስለ አንተ ቢጠይቁት፣ «ማላኪ ጎበዝ ተማሪ ነበር» ብሎ ሌላ ነገር አነሣ። ይህን ልንገርህ ወይስ ልተወው እያልኩ ሁለት ወር ቆየሁ።

ሕፃኗ በኦገስት ሃያ ሦስት ተወለደች። ሴት ናት። ደህና ናት።

ፔንሮዝ ረጅሙን መስክ አከራየ። የተገለበጠ መሬት ምን ያደርግለታል? ዘንድሮ ድንች በላን። ሎክሊን የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ፣ «አየሽ? አሸነፍን» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ጋር የምናወራው ስለ ማገዶና ስለ ላሟ ነው።

የየኔታን ተማሪዎች እኔ ይዣቸዋለሁ። መጀመሪያ ማንም አልላከም፤ «የሸጠው ሰው እህት» ነኝ። እናታችን በየቤቱ ዞረች። «ልጄን ጥሉት፤ ልጄ የሠራውን እኔም አውቃለሁ። ይህችኛዋ ግን ችሎት ፊት የቆመችው ናት» አለቻቸው። አሁን አሥራ አንድ ናቸው፣ አራቱ ሴቶች። በሩ ሥር ማንንም አላስቀምጥም።

ልምጣ ወይ ላልከው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ወደ ሎክሊን መጡ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ እንድሰማ ብለው ነው የተናገሩት። «ሳጅኑ ለገና ይመጣል አሉ። ይምጣ፤ ድልድዩን ግን አይሻገረውም» አሉ። ሎክሊን መሬት መሬቱን አየ።

የሰዎቹን ስም አልጽፍልህም። አንድ ጊዜ ሦስት ሰው ቆጥሬ ጽፌልህ ምን እንደሆነ አይቻለሁ።

ይቅር አላልኩህም፤ ይህን ከይቅርታ እንዳትቆጥረው። የምነግርህ እናታችን ሌላ ወንድ ልጅ ስለሌላት ነው።

እናታችን እዚህ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሕፃኗን እያስተኛች ታጽፈኛለች። «ለገና ይምጣ በይው። አልጋውን እዚያው እሳቱ አጠገብ አነጥፍለታለሁ በይው። እኔ እናቱ ነኝ፤ ሰው ምን ቢል ግድ የለኝም፣ ይምጣ በይው» ብላኛለች። «ጻፍሽው?» አለችኝ። ጻፍኩት አልኳት። «ይምጣ ብለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን በእጇ ዳሰሰችውና ሳመችው።

አትምጣ።

ሳቢና